ብዙ የሚሸና ሕፃን ደህና ነው ያለው ማነው?

(ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በተሰየመው ቀን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለአዋላጆች፣ ለነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ? ኧረ ጠንከር በሉ! እንደምን አደራችሁ እናቶቼ? እንዲህ ነው እንጂ።

በዚህ በኅዳር ብርድ፣ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ባደረበት ጠዋት ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመንዝ በሌሊት የተነሳችሁ አላችሁ። ከአንኮበር፣ ከእነዋሪ፣ ከደብረ ሲና የመጣችሁ አላችሁ። ከሸዋ ሮቢት የወጣችሁት ደግሞ ጋቢያችሁን ደርቡ። ደብረ ብርሃንን ታውቋታላችሁ።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ሙቀት ተናግረዋል። ስለ ካንጋሮ ዘዴ፣ ልጅን ደረት ላይ ስለማቀፍ ተናግረዋል። ደስ ብሎኛል። እኔ አልደግመውም። እኔ የመጣሁት ስለ ሽንት ልናገር ነው። አዎ፣ ስለ ሽንት! አትሳቁ፣ የልጅ ነፍስ ያለበት ነገር ነው።

ነርስ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ዛሬ የምናገርበት ሕመም ባርተር ሲንድረም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ባርተር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስለጻፈበት ነው ስሙ የተሰጠው። ከሚሊዮን ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል ይባላል። «ታዲያ ሲስተር፣ ሚሊዮን ሰው መሀል ስላለ አንድ ልጅ ለምን ታስቸግሪናለሽ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ለምን መሰላችሁ? ያንን አንድ ልጅ በእጄ ይዤው ስለነበር ነው። ለእሱ የሚደረገው ጥንቃቄም ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ሁሉ ይጠቅማል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። ሕመሙ ምንድነው? አንጎል ላይ ምን ያደርጋል? እኛስ ምን እናድርግ? ግን በታሪክ ልጀምር።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ነው። የነበርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ከመንዝ አንዲት ወጣት መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ሰባተኛ ወሯ ነው፣ ሆዷ ግን ዘጠኝ ወር ያለፈው ይመስላል። መተንፈስ አቅቷታል። ያያት ሁሉ «መንታ ነው» ይላል። አማቷ ሁለት ልጅ የሚያቅፍ ባና ይዘው ነው የመጡት። ያን ሌሊት ምጥ ጀመራት። የእንሽርት ውሃዋ ሲፈስ አልጋውን አልፎ ወለሉን አጥለቀለቀው። መንታ የለም። አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ነው የተወለደው። 1 ኪሎ ከ400 ግራም።

ሌሊቱን ተረኛ እኔ ነበርኩ። ልጁ ይሸናል። ጨርቁን እቀይራለሁ፣ ይረጥባል። እቀይራለሁ፣ ይረጥባል። አማቷ «ተመስገን፣ ሽንቱ ተከፍቶለታል» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት የተነገረን ምን ነበር? ሽንት ጠፋ ወይ ነው የምንለው። ሽንት በዛ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ካርዱ ላይ «ሽንት፦ ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም «ሽንት፦ ጥሩ»። በሦስተኛውም ቀን «ሽንት፦ ጥሩ»።

ክብደቱ ግን እየወረደ ነበር። ቆዳው ላላ። የጭንቅላቱ እርግብግቢት ጎደጎደ። በአራተኛው ቀን ከንፈሩን እንደሚጠባ ልጅ ማንቀሳቀስ ጀመረ። እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያመላልሳል። እናቱ «እየተጫወተ ነው» አለች። ከዚያ ትንፋሹ ቆም አለ። ኢንፌክሽን ነው ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጠው። ስኳሩ ተለካ፣ ደህና ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ጨው አልተለካም። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር፤ ቢሠራም ያን ጊዜ እኔ አለካውም ነበር፣ አላሰብኩትምና። በስድስተኛው ቀን አረፈ። ያ የጻፍኩት «ሽንት፦ ጥሩ» እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እሺ። አሁን ሕመሙ ምንድነው?

ኩላሊት ደምን ያጣራል። ሲያጣራ ጨውም ውሃም አብሮ ይወርዳል። ከዚያ የሚያስፈልገውን መልሶ ወደ ደም ያስገባል። በኩላሊት ውስጥ እንደ ፀጉር መርፌ ታጥፎ የሚመለስ ቀጭን ቱቦ አለ። ሽቅብ የሚመለሰው ክፍሉ ብቻውን ከተጣራው ጨው ሩብ ያህሉን ይመልሳል። በባርተር የተያዘ ልጅ ጨው የሚመለስበት ይህ በር አይሠራም። ጨው ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል። ፖታሲየም የሚባለው ሌላው የሰውነት ጨውም ይከተላል። ካልሲየምም ይወጣል፣ ሲወጣም ኩላሊቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ይቀራል። በአልትራሳውንድ የሚታየው እሱ ነው።

ነርሶች፣ ላሲክስ የሚባለውን መድኃኒት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰውነቱ ላበጠ ሰው ስንሰጠው እንዴት ያሸናዋል? ላሲክስ የሚዘጋው ይህንኑ በር ነው። እንግዲህ አስቡት። ይህ ልጅ ከማህፀን ጀምሮ ሌት ተቀን ላሲክስ እንደሚወስድ ሰው ነው። ማንም ሳይሰጠው!

የእናቱ ሆድ ለምን እንዳበጠ አሁን ገባችሁ? የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የሕፃኑ ሽንት ነው። ልጁ ማህፀን ውስጥ ሆኖ ያለልክ ይሸናል። ውሃው በስድስተኛው፣ በሰባተኛው ወር ይበዛል። ማህፀን ይወጠራል። ምጥ ያለጊዜው ይመጣል። ስለዚህ አዋላጆች፣ ልመናዬ ነው፤ ሆዷ ከወሯ በላይ የገፋ እናት ስትመጣ «መንታ ነው» ብላችሁ አትለፉ። አልትራሳውንድ ትታይ። ውሃው የሚበዛበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ስኳር አለ፣ የልጁ ጉሮሮ መዘጋት አለ። ሁሉም ታይቶ ምክንያት ከጠፋ ግን ኩላሊቱን አስቡት። ካርዷ ላይም ጻፉት። «የእንሽርት ውሃ በዝቶ ነበር» የምትል አንዲት መስመር ልጁን ተከትላ ወደ ጨቅላ ክፍል ትሂድ። የዚያን ልጅ ካርድ ላይ እሷ መስመር አልነበረችም።

አንድ ነገር ላክል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ኩላሊቱ ገና ነው። የኩላሊት ማጣሪያዎች እስከ 36ኛው ሳምንት ገደማ እየተሠሩ ነው የሚቆዩት። ስለዚህ ሕመም የሌለበትም ልጅ ቢሆን ጨው ያፈሳል። ያደናግራል፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው በግምት ሳይሆን በቁጥር እንሥራ የምለው። ወደ ቁጥሩ እመጣለሁ።

ሁለተኛው፣ አንጎል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ኩላሊት ታሞ አንጎል ለምን ይጎዳል? በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ዋናው ጨው፣ ልኩ ከ135 እስከ 145 ነው። በጣም ሲወርድ ውሃ ወደ አንጎል ሴሎች ይገባል። ሴሎቹ ያብጣሉ። ልጁ ይንቀጠቀጣል። ግን ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ወድቆ፣ አረፋ ደፍቆ አይደለም የሚንቀጠቀጠው። ከንፈር መምጠጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዓይን አንድ ቦታ ፈጦ መቅረት ሊሆን ይችላል። እግር ማመላለስ። ትንፋሽ መቆም። እናቶች፣ ይህን ካያችሁ «እየተጫወተ ነው» አትበሉ። ጥሩን። ሌሊትም ቢሆን ጥሩን። ተረኛዋ ብትቆጣ እንኳ ጥሩን!

የፖታሲየም ማነስ ደግሞ ጡንቻን ያደክማል፣ የልብን ምት ያዛባል። ልጁ ይዝላል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል። ከባርተር ዓይነቶች አንዱ ከልደት ጀምሮ ጆሮንም ያደነቁራል። እዚያ ቤተሰብ ውስጥ ጥሪ የማይሰማ ልጅ ካለ ምልክት ነው። ጆሮው በጊዜ ካልተመረመረ ልጁ ሳይናገር ያድጋል፣ ሰዉም «ዘገምተኛ ነው» ይለዋል። አእምሮው ደህና ሆኖ!

እና ከሕመሙ ያልተናነሰ አንጎል የሚጎዳ ነገር አለ። የእኛ ችኮላ ነው። ወርዶ የቆየ ሶዲየም በአንድ ሌሊት ቢሰቀል አንጎል ይጎዳል፣ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ሐኪሙ በልክ የተመጠነ ወፍራም የጨው ፈሳሽ ሰጥቶ ያስቆመዋል። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ነው። ሶዲየሙ በ24 ሰዓት ከፍ የሚለው ከ8 እስከ 10 ቢበዛ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የአንጎሉ ደም ሥር ስስ ነው፤ ፈሳሽ በኃይል መግፋት ደም ሊያፈስ ይችላል። ፖታሲየምን ደግሞ ማንም ሰው በመርፌ ቀጥታ በደም ሥር እንዳይገፋ። በጭራሽ! ልብ ያቆማል። ይህን ነርስ ሆኜ ለነርሶች ነው የምናገረው።

አሁን ወደዚያች እናት ልመልሳችሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። እኔ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ነበር። በሩ ላይ ሳያት አላወቅኋትም፤ ሆዷን ሳየው አወቅኋት። ያው ሆድ! እሷም አወቀችኝ፣ አለቀሰች። በመንደሯ «ሾተላይ አለባት» ተብላለች። ሾተላይ የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ልጅ የሚሞትባት ሴት ላይ የሚለጠፍ ስም ነው። ጓደኞቿ በአራስነታቸው ጊዜ ቤታቸው እንዳትገባ ነግረዋታል። ልጇን ያጣች ሴት ሌላ ሰው ቤት ገብታ እንኳን ማርያም ማረችሽ እንዳትል ተከለከለች። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ያን ቀን አንድ ወጣት የሕፃናት ሐኪም ነበር። የፊተኛውን ልጅ ታሪክ ነገርኩት። «ሲስተር፣ ሽንቱ እንዴት ነበር?» አለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። «ብዙ ነበር» አልኩት። «ስንት?» አለኝ። ዝም አልኩ። ስንት መሆኑን አላውቅማ!

ልጁ በ33ኛው ሳምንት ተወለደ። 1 ኪሎ ከ800። ሐኪሙ የኩሽና ሚዛን ከገበያ ገዝቶ መጣ። ደረቁን ዳይፐር መዘንን፣ 20 ግራም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያንኑ ዳይፐር መዘንን፣ 74 ግራም። ልዩነቱ 54 ነው። አንድ ግራም ሽንት አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 54ን ለሦስት ሰዓት፣ 18። 18ን ለክብደቱ ለ1.8፣ 10። በሰዓት፣ በኪሎ፣ 10 ሚሊ ሊትር። ጤነኛው ከ1 እስከ 3 ወይም 4 ነው። 10 ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ መጠን ቢሸና በቀን 14 ሊትር ይሸና ነበር። ባለ 20 ሊትሯን ቢጫ ጀሪካን አስቧት። ግማሿን አልፎ ማለት ነው። በየቀኑ!

ደሙ ተመረመረ። ሶዲየም ዝቅ ብሏል፣ ፖታሲየም ዝቅ ብሏል፣ ክሎራይድ ዝቅ ብሏል። ሽንቱ ውስጥ ግን ጨው ሞልቷል። ያኔ ነው «ባርተር» የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

ሐኪሙ አባትየውን አስጠራው። «ከባለቤትህ ጋር ዝምድና አላችሁ?» አለው። አባትየው ተቆጣ። «ዶክተር፣ እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን የተጋባን ሰዎች ነን!» አለ። እውነቱን ነው። እኛ አገር ሰባት ቤት ይቆጠራል። ጥሩ ባህል ነው፣ እንዲህ ያለውን ሕመም ይቀንሳል። ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ሁላችንም ከአባትም ከእናትም የምንወርሰው ነገር አለ። አባት አንድ የተበላሸ ይዞ ጤነኛ ነው። እናትም አንድ የተበላሸ ይዛ ጤነኛ ናት። ሁለቱ የተበላሹት ልጁ ላይ ሲገናኙ ነው ሕመሙ የሚወጣው። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ነው። ስለዚህ የማን ጥፋት ነው? የማንም! ከሁለቱም እኩል ነው የመጣው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳው አባትየው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄዶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ምን እንዳላት አልሰማሁም።

ሦስተኛው፣ ምን እናድርግ?

እንመዝን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ያለጊዜው የተወለደን ልጅ ዳይፐሩን እንመዝን። ልጁንም በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን እንመዝን። ዳይፐሩን እንደፈታችሁት መዝኑት፤ ማሞቂያ ሥር ካቆያችሁት ይደርቅና ይዋሻችኋል። ሽንቱ በሰዓት በኪሎ ከ5 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሐኪም ጥሩ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ይለካ ብላችሁ ጠይቁ። መለኪያ የሌለበት ቦታ ከሆናችሁ ደሙን ወይም ልጁን መለኪያ ወዳለበት ላኩ። ልጁን ስትልኩ ሙቀቱን ጠብቃችሁ፣ በእናቱ ደረት ላይ አድርጋችሁ። ጣርማ በር ላይ ያለውን ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ፈሳሽ አትከልክሉ! «ሽንቱ ስለበዛ ፈሳሹን እንቀንስለት» ያለ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። ልጁን የሚገድል ምክር ነው። የወጣው በሙሉ፣ ውሃውም ጨውም፣ መተካት አለበት። ከወጣው ሽንት እየተሰላ ነው የሚተካው፣ ለዚህም ነው ሚዛኑ የሚያስፈልገው። ወላጆችም፣ ለልጁ ባዶ ውሃ አታጠጡ፣ ቅቤ አታልሱት። ጸበሉን አልከለክልም፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ይረጭ። የሚጠጣው ግን የእናቱ ወተትና ሐኪሙ ያዘዘው ይሁን።

መድኃኒትም አለ። ኢንዶሜታሲን ይባላል። በእነዚህ ልጆች ሰውነት ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ይበዛና ሽንቱን ያባብሰዋል፤ መድኃኒቱ እሱን ይቀንሳል። ግን ያለጊዜው በተወለደ ልጅ አንጀትን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሞች ሳይቸኩሉ በጨውና በፈሳሽ ያቆዩታል። መቼ እንደሚጀመር የሐኪም ውሳኔ ነው፣ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2016 የታወቀ፣ በወንዶች ልጆች ላይ የሚታይ አንድ ዓይነት አለ፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ለዚህ ነው ክትትል የማይቋረጠው።

የዚያችን እናት ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። በሁለት ወሩ ከእኛ ወጣ። ጨውና ፖታሲየም በሲሪንጅ እየተለካ ከወተት ጋር ይሰጠዋል። እናቱ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ሲሪንጁ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርንላት። አንድ ቀን አላዛነፈችም። በአምስት ወሩ ግን ተቅማጥ ያዘው። ለሌላ ልጅ ተቅማጥ ለአንድ ቀን ቤት ሊታይ ይችል ይሆናል። ለዚህ ልጅ አይችልም። ጎረቤት «ጥርስ ሊያበቅል ነው» አሏት፣ አንድ ቀን ቆየች። ስትደርስ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሶዲየሙ 116። ያ ሐኪም መንቀጥቀጡን አስቆመ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈ። «ዛሬ 124 እንጂ ከዚያ በላይ የለም።» ሌሊቱን በየአራት ሰዓቱ ደም ስንለካ አደርን። ልቤ ይጣደፋል፤ ልክ ላይ ቶሎ ባደርሰው እላለሁ። ግድግዳውን አያለሁ፣ እተወዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ዓይኑን ከፍቶ እናቱን ፈለገ።

አሁን 11 ዓመቱ ነው። አምስተኛ ክፍል ነው። ቁመቱ ከእኩዮቹ ትንሽ ያንሳል። ጆሮው ይሰማል። ቆሎው ላይ ጨው ይነሰንሳል፣ ሽሮው ላይ ጨው ይጨምራል። እናቱ ሰው ቤት ስትሄድ «ለኩላሊት በሽተኛ ጨው ይከለከላል፣ ምነው?» ይሏታል። እሷ ነች አሁን የምታስተምራቸው። «የእኔ ልጅ ኩላሊት ጨው ያፈሳል፣ እኔ እመልሳለሁ» ትላለች። ከኋላ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም።

በሉ፣ አሁን ወሬ ይበቃናል። ያ ጠረጴዛ ላይ አሥር ሚዛን አለ። ሃያ ዳይፐር አለ፣ ውሃ አለ፣ ሲሪንጅ አለ። ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዷ የፈለገችውን ያህል ውሃ ዳይፐሩ ላይ ትጨምር፣ ስንት እንደጨመረች አትንገር። ሌላዋ መዝና ትንገረን። የልጁ ክብደት 1 ኪሎ ከ400 ነው በሉ፣ ሰዓቱ ሦስት ነው። ከፊት ረድፍ እንጀምር። እትዬ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ ይህ ለነርስ ብቻ አይደለም።